የካፒቴኑ ሁለተኛ ሞተር

ሰውየው እንደ ተንበረከከ ነው የሞተው። ቀኝ እጁ ቤቱ ባለው የሥራ ክፍል በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ገብቷል፤ ግንባሩ የገንዳው አፋፍ ላይ አርፏል። አጠገቡ ክንድ የምታህል የእንጨት ጀልባ ትንሳፈፋለች። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ አንድም ቀን መርከብ ሳይረግጥ የሰፈሩ ሰው «ካፒቴኑ» ይለዋል። ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ኮረንቲ እንደ ገደለው ጻፈ።

ጉዳዩ የተሰጣት ኢንስፔክተር በግማሽ ቀን የሚያልቅ መስሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። ስለ ሟቹ በጠየቀች ቁጥር የሚነገራት ስለ ሞተር ነው።

«ስምንት ወር ሙሉ ሞተር፣ ሞተር!» አለች ሚስቱ ዓይኗን እየጠረገች። «ለመጀመሪያ ጀልባ የትኛው ይሻላል እያለ አሳበደኝ። ከገበያ ስመለስ ይኸው ሞቶ አገኘሁት። ወንድሙም ሞተሩ ነው የገደለው ብሎኛል፣ ልጄ።»

ጎረቤቱ አናጢ የጀልባዋን አካል የጠረበ ሰው ነው። «በሞተሩ ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «ያ ጉልበተኛ ሞተር ሆዷን ይቀደዋል አልኩት። እሱን ራሱን በላው! ወንድሙ አስረድቶኛል።»

«ያን ቀን ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከግድግዳው ወዲያ፣ በኤሌክትሪክ መጋዜ እንጨት ስቆርጥ። እስከ እኩለ ቀን አላረፈም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሯችንን አደነቆርከው ብሎ ሰድቦኛል።»

የሞተር ነጋዴው ደግሞ ገና ስታየው ተቆጣ። «ስንት ጊዜ ልናገር? የጀልባዋ ባትሪ ሰባት ቮልት ነው! ሰባት ቮልት ዝንብ አይገድልም! መጀመሪያ ፈጣኑን ትልቁን ወሰደ፤ ለጀማሪ አይሆንም ብዬው ነበር። ከሳምንት በኋላ ፊቱን አጥቁሮ መጣና ዝግ ብሎ በሚዞረው ትንሹ ለወጠው።»

ለዕቃው የሚሟገት መስሏት አልፋው ነበር።

የካፒቴኑ ታናሽ ወንድም ኤሌክትሪሺያን ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ግትር ነበር። ሞተር ኮረንቲ ይስባል፤ ውኃና ኮረንቲ ደግሞ ጠላት ናቸው። እግዜር ያውቃል፣ መክሬው ነበር።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ በንዴት ወደ ካፒቴኑ ሥራ ክፍል ተመለሰች። ጀልባዋን አስነሣችና እጇን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ከውኃው ቅዝቃዜ በቀር ምንም አልተሰማትም። ሦስት ቀን በከንቱ! በራሷ ተናድዳ፣ ቁጥር ብቻ ነው ብላ የተወችውን የካፒቴኑን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ካፒቴኑን የገደለው ይህ ባትሪ አይደለም» አለች። «የቤቱ ኮረንቲ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ መስመር ላይ ሽቦ ቀጥሎ ገንዳው ውስጥ ከተተ። በኋላ ሽቦውን ለማውጣት ስለፈራ ከቆጣሪው ሳጥን መብራቱን አጠፋ። የወጥ ቤቱ ሰዓት በኮረንቲ ነው የሚሠራው፤ መብራቱ በጠፋበት ጊዜ ቆሞ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።»

«መብራት ጠፍቶ ይሆናላ» አለ ወንድምየው።

«ከጎረቤት መጋዙ አልቆመም። የጠፋው እዚህ ቤት ብቻ ነው። እማማ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ቤቱን የዘረጋልን እሱ ነው። ቁልፉም እሱ ጋ ነው።»

«ሞተሩ ገደለው የሚለውን ወሬ ከማን እንደ ሰማችሁ ስጠይቅ እማማም አናጢውም እሱን ጠራችሁ። እናንተ ባታውቁ አይፈረድባችሁም። ኤሌክትሪሺያን ግን ውሸት መሆኑን ያውቃል።»

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?»

ደብተሩን ገለጠች። «ከሁለት ዓመት በፊት ካፒቴኑ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተቃጥሎ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሞተች። የሲጋራ ቁራጭ ጥሏል ተብሎ ዘበኛው ታሰረ። የአዳራሹን የኮረንቲ መስመር የዘረጋኸው አንተ ነህ፤ ከዚያ የተረፈህን ሽቦ ለጀልባዋ ሰጠኸው። ካፒቴኑ ትልቁን ሞተር ሲያስነሣ የሆነውን ጽፏል፤ ስሙ፦ ‹ሽቦው ግሎ ላስቲኩ ቀለጠ። ለአሻንጉሊት ያልበቃ ሽቦ ያን ሁሉ የአዳራሽ ማሞቂያ እንዴት ይሸከማል?›»



«ሦስት ቀን ሰጠኝ» አለ ወንድምየው። «‹ራስህ ሄደህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ወንድሜ አይደለህም እንዴ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እሱ እቴ! ‹ዘበኛውስ የማን ወንድም ነው?› አለኝ።»

ሚስትየዋ ተነሥታ ከአጠገቡ ራቀችና አናጢው ጎን ቆመች።

በሳምንቱ ኢንስፔክተሯ የመፈቻ ወረቀቱን ይዛ ዘበኛው ወደ ታሰረበት ሄደች። ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን እንኳ አልተቀበላትም።

«ሲጋራ እኮ አላጨስም» አላት። «በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነገርኳችሁ። አንድ ሰው መጥቶ አፌን ቢያሸት ምን ነበረበት?»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን እንደ ዘረጋች ቆማ ጠበቀችው።