ሻሼን ፓፍ ያስለመደልኝ ማን ነው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በሜትር ለክቼ በመቀስ ያልቆረጥኩትን ነገር አለ ብዬ አላምንም፣ ደሴ ሳድግ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ጂን ሲያወራ ሌሎቹ ልጆች ጋቢ ውስጥ ሲደበቁ እኔ ነበርኩ የምስቀው፣ መቀሌ መጥቼም ቢሆን ደንበኞቼ ሱሪያቸው እስኪያጥርላቸው ቁጭ ብለው «እዚያ ቤት ጥላ ታየ፣ እዚህ ቤት ኮቴ ተሰማ» ሲሉኝ መርፌዬን በጥርሴ እንደያዝኩ «ድመት ነው» ብዬ ነው የምገላግላቸው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የማወራህ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው ሆኜ አይደለም፣ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ድመት ነው» ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም፣ ድመቷ እዚያው አጠገቤ ነበረቻ!

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በኋላ፣ ባጃጅ መቀሌን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ፊቷን ሱቅ ጀርባዋን መኝታ አድርጌ እኖር ነበር፣ አከራዬ አደይ ለተብርሃን ይባላሉ፣ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፣ ምላሳቸው ከኔ መቀስ የሚስል፣ ልባቸው ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናቸው። ድመቷ ሻሼ ናት። ነጭ ናት፣ ገና ዐይኗን ሳትገልጥ ከቁርጥራጭ ጨርቆቼ ክምር ውስጥ ነው ያገኘኋት፣ ስታድግ የሱፍ ገበር እየቀረጠፈ የሚያከስረኝን አይጥ ዘሩን አጠፋችልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ዘመዶቼ ወሎ ናቸው፣ ከውጭ መጥቼ በሩን ስከፍት ቀና ብሎ የሚያየኝ ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ ታስል ጀመር። መጀመሪያ ክር የዋጠች መስሎኝ አፏን ፈልቅቄ ፈለግኩ፣ ምንም የለም፣ ከቀን ወደ ቀን ባሰባት፣ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ እየሟሸሸ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፣ በመጨረሻ በካርቶን አድርጌ ከብት ወደሚያክመው ወደ ዶክተር ሐጎስ ወሰድኳት። ገና ወጣት ልጅ ነው፣ አህያና ፍየል የያዘ ሰው ሁሉ ካርቶኔን እያየ ሲስቅ እሱ አልሳቀም፣ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ሰማና «አስም ነው» አለኝ።

«ድመት አስም ይይዛታል እንዴ?» አልኩት።

«ይይዛታል እንጂ፣ ያንተም የጨርቅ ብናኝ አባብሶባታል። ለዛሬ መርፌ እወጋታለሁ፣ መርፌ ግን ሁሌ አይሆንም፣ ለሕፃናት የሚሰጠውን ፓፍ አዝልሃለሁ፣ ፊቷ ላይ ማስክ አድርገህ ታስተነፍሳታለህ። ካላስለመድካት ግን ዝሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ እየታፈነች ብዙ አትቆይም።»

ፓፉን ዓይደር ካሉት ፋርማሲዎች ከአንዱ አገኘሁ፣ ለድመት የሚሆን ማስክ ግን ማን ያውቃል? «ለድመት» ስላቸው ፋርማሲስቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀችብኝ። እልህ ያዘኝ። ባዶ ሃይላንድ አመጣሁ፣ ቂጡን በመቀስ ቆርጬ ለሻሼ ፊት የሚሆን ክብ አፍ አደረግኩለት፣ ጠርዙን እንዳይወጋት ከሕፃን ብርድ ልብስ በተረፈ ለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ቀመቀምኩት፣ ፓፉን በአንገቱ በኩል ሰክቼ በፕላስተር ጠመጠምኩት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ በስቼ ከፌስታል የተቆረጠች ምላስ የምታክል ክዳን አንጠለጠልኩባት፣ ሻሼ ስትተነፍስ ክዳኗ ብድግ ቁጭ ስለምትል ትንፋሿን በዐይኔ መቁጠር እችላለሁ። ሰርቼ ስጨርስ፣ እመነኝ፣ የሙሽራ ሱፍ ሰፍቼም እንደዚያ አልኮራሁም።

ግን ማን ያስጠጋት! ዶክተሩ በምግብ አለማምዳት ስላለኝ ሳንባ እየገዛሁ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ ማስኩ አፍ ላይ አስቀምጥላት ነበር፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፣ የክርስቲያኖቹ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው፣ እኔ ግን ከእስላም ሥጋ ቤት አመጣለሁ፣ አደይ ለተብርሃን በደጃፌ ሲያልፉ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይይዙና «ሰኢዶ ወደይ፣ ልጄ፣ በጠረን ልታስገድፈኝ ነው እንዴ?» ይላሉ፣ ተመልሰው ደግሞ «በላችልህ?» ብለው ይጠይቁኛል። መብላቱንስ በላች። ከማስኩ ጠርዝ በላች፣ ቀጥላ ጭንቅላቷን ትንሽ አስገብታ በላች፣ እኔም ድል አደረግኩ ብዬ ፓፉን ስጫነው፣ «ፍስስስ» ሲል፣ ሻሼ ጣሪያ ነክታ ወረደች፣ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ሱፍ ላይ ጥፍሯን ተክላ አለፈች፣ ማስኩን ባየች ቁጥር ከመኪናዬ ሥር ትገባለች፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው።

ነገሩ የገባኝ ስተኩስ ነው። እኛ ልብስ ሰፊዎች ሱሪ ስንተኩስ ውኃ በአፋችን ይዘን «ፍስስስ» አድርገን እንረጫለን አይደል፣ ሻሼም ትንሽ ሆና ጨርቅ ላይ በወጣች ቁጥር በዚያው ውኃ ነበር የማባርራት፣ ለሷ «ፍስስስ» ማለት ፊቷ ላይ የሚመጣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ መተኮስ ጀመርኩ። እሷ ግን አልረሳችም፣ ሕመሙም አልጠበቀኝም፣ መርፌው ሥራውን ጨርሶ ሳሉ ተመለሰባት፣ ሳንባውን አሽትታ ትተወው ጀመር፣ ከመኪናዬ ሥር ተኝታ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ፔዳሉን መርገጥ ያቅተኝ ነበር፣ አለቀስኩ ብልህ አትሳቅብኝ፣ አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ያ እሑድ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ማታ ቢሆን ኖሮ ዐይኔ ነው ብዬ በተውኩት። ያ የመቀሌ ነፋስ አቧራውን ስላስነሳ ለሻሼ ደረት ብዬ በሩንም መስኮቱንም ዘግቻለሁ፣ ካውያው ቀዝቅዟል፣ ሻሼ ከሥሬ ናት፣ ማስኩ ከፊቴ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፣ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው። ክር ተበጠሰብኝና ፔዳሉን አቆምኩ። ያኔ ሰማሁት፣ «ጥጭ… ጥጭ… ጥጭ…» የሚል ቀጭን ድምፅ፣ በረሮ ፌስታል ውስጥ ገብታ ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ።

የማስኩ ክዳን እየተነሳች እየወደቀች ነበር።

ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ ግን እንዲህ አይመታም ወዳጄ፣ ይህ ይስባል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ያስወጣል፣ ይስባል፣ ያርፋል፣ ያስወጣል። ጠጋ አልኩና መዳፌን ማስኩ አፍ ላይ ዘረጋሁ፣ ሞቀኝ፣ ሙቀቱ ደግሞ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ የላስቲኩ ውስጥ እንደ ላብ ያለ ጭጋግ ይይዘውና መልሶ ይጠራል። ጸጉሬ ቆመ። ቢስሚላህ አልኩ፣ እጄን ሰብስቤ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ያን ጊዜ ሻሼ ከሥር ወጣች። ለቀናት ያልተነሳችው ድመት ጎኗ እየተርገበገበ ወንበሩ ላይ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፣ እኔ ጸጉሯን አቁማ ትጮኻለች ስል ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ ማስኩ ፊት ቁጭ አለች፣ ክዳኗን አየች፣ አየች፣ ከዚያ ማንም ሳይነካት፣ ሳንባ ሳይቀመጥላት፣ ፊቷን ራሷ አስገባች! መጀመሪያ ክዳኗ ግራ የገባት መሰለች፣ የሻሼ ጥድፊያ አለ፣ የዚያኛው ዝግታ አለ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ቀስ በቀስ ግን የሻሼ ትንፋሽ እየረዘመ፣ እየረጋ፣ ከዚያኛው ጋር አንድ ሆነ። እኔ ምን እንዳንቀሳቀሰኝ አላውቅም፣ እጄ ሄዶ ፓፉን ተጫነው። «ፍስስስ!» ጆሮዋ እንኳን አልተነቃነቀም። እስከ አስር ቆጠርኩ። ቁጭ ብላ ሳበችው፣ ሁሉንም ሳበችው!

ጩኸቴን የግቢው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አደይ ለተብርሃን «እንታይ ኮይንካ ወደይ? ምን ሆንክ?» እያሉ በሩን በርግደው ገቡ፣ ሻሼ ፊቷ ማስኩ ውስጥ እንዳለ ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት፣ እኔም የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ እስካፍር ድረስ ዘለልኩ፣ አቅፌያቸው ዞርኩ። ሻሼ ፊቷን አወጣች፣ ጢሟን ላሰች፣ ከጠረጴዛው ወርዳ ወደ ሳንባዋ ሄደች። አደይ እልልታቸውን መሃል ላይ አቋረጡት። ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት፣ ክዳኗ አሁንም ብድግ ቁጭ ትላለች።

«እዚ ድማ መን እዩ?» አሉ ቀስ ብለው፣ ይኼ ደግሞ ማን ነው ማለታቸው ነው።

እሳቸው አማተቡ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ ሁለታችንም ቆመን ስናይ ክዳኗ እየዘገየች ሄዳ ቆመች። አደይ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ባደረገላት ነገር ላይ ጥያቄ አታብዛ ሰኢዶ፣ ድመትህ ተንፍሳለች» ብለውኝ ወጡ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ ከሳቸው ጋር አውርተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላማ ተወው! ጠዋትና ማታ ማስኩን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ሻሼ ራሷ መጥታ ቁጭ ትላለች። ሳሉ ጠፋ፣ ጸጉሯ አበጠ፣ ዳግም አይጥ አሳደደች። በፋሲካ ማግስት አዲስ ጥብጣብ አንገቷ ላይ አስሬ በባጃጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሮማናት ዞርኩ፣ ሾፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ፣ ሰው እንዲያየን ነዋ፣ ሙሽራም እንደኔ ደረቱን አልነፋም። ዶክተር ሐጎስ ጋ ደርሰን አህያና ፍየል በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ማስኩን አወጣሁ፣ ሻሼ ፊቷን አስገባች፣ ተጫንኩት፣ አልተነቃነቀችም፣ ሰዉ አጨበጨበ። ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ «እኔ ስንት ድመት አይቻለሁ፣ እንዲህ የለመደች አላየሁም፣ ማን አሰለጠናት?» አለኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩት።

ሌላ ምን እለዋለሁ? ቤቴ ግን የዚያን ትንፋሽ ነገር ለማወቅ ብዙ ሞክሬያለሁ፣ ማስኩን መኝታ ቤት አስቀመጥኩት፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት፣ ከካውያው አራቅኩት፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ይጠፋና ረሳሁት ስል አንድ ከሰዓት ላይ ፔዳሉን ሳቆም «ጥጭ… ጥጭ…» እሰማለሁ። ሻሼ ትሰማለች፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። የምትፈራው ነገር አይደለም ማለት ነው ብዬ እኔም ላለመፍራት ሞከርኩ።

ወራት አለፉ፣ ዶክተሩ አዳመጣትና «ደረቷ ጥርት ብሏል፣ ፓፉን ማቆም ትችላለህ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ፣ ለግቢው ልጆች ሁሉ ከረሜላ በተንኩ። ፓፉን ካቆምኩ በኋላ ግን ክዳኗ ተለወጠች። ያ የረጋው ትንፋሽ አጫጭር ሆነ፣ ይፈጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ሻሼ በከፋባት ሰሞን እንደነበረው። ፔዳሉን አቁሜ ሰማሁት፣ ሻሼ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ አጠገቡ ቁጭ ብላ እኔን ታየኛለች፣ ማስኩን አታይም፣ እኔን ነው። ምን ላድርግ? ለሷ ሳደርግ የነበረውን አደረግኩ፣ ፓፉን ተጫንኩት፣ እስከ አስር ቆጠርኩ፣ ረጋ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፓፍ እገዛለሁ። ባለፈው ያቺ የሳቀችብኝ ፋርማሲስት አስታወሰችኝና «ድመትህ እስካሁን አልተሻላትም?» አለችኝ።

«ኧረ ድናለች፣ አይጥ አልቆባታል» አልኳት።

«ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

«ቤት ላለ ሰው ነው።»

እሷም እንደ ደንቡ አወሳሰዱን ልትነግረኝ ፓፉን አንስታ «ዕድሜው ስንት ነው?» አለችኝ። እኔም ምንም ሳላስብ፣ ወዳጄ፣ የራሴን ልጅ ዕድሜ እንደተጠየቀ ሰው፣ «ገና ሕፃን ነው» አልኳት፣ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ፓፉን ጨብጬ ስሄድ ነው ሕፃን መሆኑን ማን እንደነገረኝ ራሴን የጠየቅኩት።