የነጩ ገደል ሰልፈኞች

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ከራሱ ከይግዛው አፍ ነው። ይግዛው ደግሞ በዳባት ገበያ የበሬውን ነውር ለገዢው ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ነበር።

ቀኑ ኅዳር 13፣ 1963 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ቦታው ከደባርቅ በሊማሊሞ በኩል ወርዶ፣ ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጩ ድንጋይ የሚጀምርበት ገደል ነው።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጉድ ሁልጊዜ በጨለማ ይመጣል ያለው ማነው?

ይግዛው ማር ቆራጭ ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ ከገደል ሆድ የዱር ማር ያወጣል። በዚያ ሥራ አንድ ሕግ አለ... ገመድ ለወንድም አይሰጥም። ወንድም ርስት ይወርሳል፤ አንድ ቀን ሰይጣን ሹክ ቢለውስ? ገመዱን የሚይዘው የሚስት ወንድም ነው። የገዛ እኅቱን መበለት ማድረግ የሚፈልግ የለማ!

የይግዛውን ገመድ የሚይዘው ሰጠኝ ነበር፤ የሚስቱ የውቢት ታላቅ ወንድም።

በሁለቱ ቤተሰብ መካከል የቆየ ደም ነበር። የይግዛው አጎት የሰጠኝን አባት ገድሏል። ሽማግሌ ገባ፤ ጠመንጃ ተሻግረው ማሉ፤ ውቢት ለይግዛው ተዳረችና ደሙ ደረቀ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰጠኝ ገመዱን ይዟል። አንድ ቀን እንኳ እጁ አልዛለም።

ይግዛው ከእናቱ ልጅ አብልጦ ያምነው ነበር።

በዚያ ኅዳር ክንዴ የሚባል የድንጋይ ጥናት መምህር ከአዲስ አበባ መጣ። በዚያ ገደል ወገብ ላይ ካለች ዋሻ ድንጋይ የሚያወጣለት ሰው ፈለገ። ይግዛውና ሰጠኝ እሺ አሉት።

ይግዛው ከቤት ሲወጣ ውቢት እጇን በነጠላዋ ሸፍና ተሰናበተችው። የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል።

«ምን ነካሽ?»

«ጥላሸት ነው... ድስት ሳነሣ።»

ሳቀባትና ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን ይግዛው ወርዶ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ ወጣ። ክንዴ በብሩሽ ጠረገው። አውራ ጣት የሚያካክሉ ፍጥረቶች ታትመውበታል። እግራቸው እንደ አንበጣ እግር የተገጣጠመ ነው። አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈዋል።

«እዚህ ባሕር ነበር» አለ ክንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እዚህ?» አለ ሰጠኝ። «መምህር፣ እኛ እኮ ውኃ በአህያ ነው የምንጭነው።»

«ነበር። እነዚህ የሸርጣን የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከምድር ከጠፉ ቆይተዋል። ዓይን የላቸውም፤ አያችሁ?»

ይግዛው ጎንበስ ብሎ አየ። የዓይን ቦታ የለም። ልሙጥ ነው።

«ታዲያ በምን ይሄዱ ነበር?»

«ተያይዘው ይመስለኛል። ይህ ረጅም እሾህ የፊተኛውን ጀርባ ይነካል። ጭቃ ድንገት ሲወርድባቸው እንኳ ሰልፉ አልፈረሰም። እንደተያያዙ ሞቱ።»

ይግዛው ደስ አለው።

«እንደኛ ገመድ በለኛ!» ብሎ ወደ ሰጠኝ ዞረ።

ሰጠኝ ሌላ ቦታ ያይ ነበር።

ክንዴ ከሰልፉ ውጭ ወዳለ አንድ ትልቅ ቅርጽ አመለከተ። ከማጅራቱ ጀምሮ ተሰንጥቋል።

«ይህ ግን አስከሬን አይደለም። ልብስ ነው።»

«ልብስ?»

«ሲያድጉ ቅርፊታቸው ይጠባቸዋል። ከማጅራታቸው ይሰነጥቁትና ወጥተው ይሄዳሉ። ቅርፊቱ እንደ ነበረ ተኝቶ ይቀራል።»

«ባለቤቱስ?»

ክንዴ ሳቀ። «ባለቤቱማ ሄዷል።»

በማግስቱ፣ ያልኳችሁ ኅዳር 13 መሆኑ ነው፣ ክንዴ ድንኳኑ ውስጥ ድንጋዩን ሲሥል ቀረ። ሁለቱ ብቻ ወደ ገደሉ ሄዱ። ሰጠኝ ገመዱን አፋፉ ላይ ካለ ወይራ ቋጠረ። ይግዛው ወረደ።

በገመድ ሲነጋገሩ አንድ ጊዜ መጎተት «ቁም» ነው። ሁለት ጊዜ «ልቀቅልኝ»። ሦስት ጊዜ «ሳበኝ»።

ዋሻዋ ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ ሌላ ሰልፍ አለ። ትናንት በጣቱ እየነካ ቆጥሯቸው ነበር፤ አሥራ አንድ ነበሩ።

ዛሬ አሥር ናቸው።

ደግሞ ቆጠረ። አሥር...

የፊተኛው የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል። ከጎኑ ያለው ስንጥቅ ርሷል። በኅዳር፣ በዚያ ደረቅ ገደል! ጣቱን ነክሮ ቀመሰው።

ጨው ነው።

ከስንጥቁ ውስጥ... ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተተ። መልስ የለም። እንደገና ሦስት ጊዜ ጎተተ።

ከላይ አንድ ጊዜ ተጎተተለት። «ቁም።»

ቆመ። ስድስት ዓመት እንደለመደው፣ ሳይጠራጠር ቆመ።

ከዚያ ገመዱ ላላ። ሙሉው በዋሻዋ አፍ በኩል ወደ ታች ወረደ። ይግዛው እየጎተተ ሰበሰበው። ጫፉን አየ። አልተበጠሰም፤ አልተቆረጠም።

ቋጠሮው ተፈቷል።

«ሰጠኝ!»

የሰጠኝ ራስ ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለ።

«ደም አይደርቅም፣ ይግዛው» አለው፤ በቀስታ፣ ሊያጽናናው የፈለገ ይመስል። ከዚያ ኮቴው እየራቀ ሄደ።

«ፍርሃት አልነበረም» ይል ነበር ይግዛው ይህን ሲያወራ። «አንጀቴ ነው የተቆረጠው። በየጊዜው ሲያወርደኝ ዛሬ ልልቀቀው ወይስ ነገ እያለ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስወጣ የመጀመሪያውን ማር ለእሱ አጎርሰው ነበር።»

ገመዱ እጁ ላይ አለ፤ የሚያስርበት ግን የለም። ብታስረውም የገደሉን እኩሌታ አይደርስም። የቀረው ስንጥቁ ብቻ ነው። ከውስጡ ነፋስ ይመጣል፤ ነፋስ ካለ መውጫ አለ። በደረቱ ተስቦ ገባ።

ጥቂት እንደሄደ ብርሃኑ ጠፋ።

አንድ ነገር ከኋላው ተረከዙን ነካው። እንደ እሾህ ቀጭን ነው። አልወጋውም፤ አልጎተተውም። ያዘው ብቻ።

እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። ቀዝቃዛ፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ጀርባ ነካ። ጀርባው ይሄዳል።

መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ከሰው ይሻላሉ ብሎ አሰበና ያዘው።

ሲቆም ቆመ፤ ሲሄድ ሄደ። አንድ ቦታ ትከሻው ተቀርቅሮ አላንቀሳቅስ አለው። የፊተኛው ጠበቀው። የኋላኛው ጠበቀው። ማንም አልለቀቀውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ራሱን ከገደሉ ሥር፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አገኘው። ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም። ተረከዙ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋ ጨው ደርቆባታል።

ማታ ሊሆን ሲል ቤቱ ደረሰ። ደጁ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ለቅሶ ነው። መምህር ክንዴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰው ይግዛውን ሲያይ ጮኸ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ።

«በስመ አብ!»

«አለሁ አባቴ፣ አልሞትሁም።»

ውቢት ከመሐል ተነሣች። ከላይ እስከ ታች ከል ለብሳለች።

«ገመዱ ተበጠሰ... ሞተ አሉኝ...»

ይግዛው ልብሷን ያያል። ነጭ ልብስ በቅጠልና በጭቃ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ተመልሶ ተነክሮ እንዲህ ጠቁሮ ከል እስኪሆን ሳምንት ይፈጃል። እሱ ከቤት ከወጣ አራተኛ ቀኑ ነው። ገመዱ ከተፈታ ሁለተኛው።

«ውቢት...» አለ በሹክሹክታ። «ከሉን መቼ ነከርሽው?»

እጆቿን ደበቀች።

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ጣቶቿን አይተው ነበር። አንድ በአንድ ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ይግዛው የዚያን ጊዜ አለቀሰ፤ ገደሉ ላይ ያላለቀሰውን ሁሉ።

«ሰጠኝስ?»

«ጓዳ ነው» አለች ጎረቤቱ ሸጊቱ። «ትናንት ከገባ አልወጣም። ማጅራቴን አመመኝ ብሎ ተኛ።»

ክንዴ ብድግ አለ። ፊቱ ተለዋውጧል።

ሦስቱ ገቡ፤ ይግዛው፣ ክንዴና ቄሱ።

ሰጠኝ መደቡ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ክርኖቹ ታጥፈዋል፤ ጉልበቱ ተሰብስቧል።

«ሰጠኝ...»



ይግዛው ትከሻውን ነካው። ትከሻው ውስጥ ምንም የለም።

ልብሱ ብቻ ነው። በጨው ደርቆ፣ የሰውዬውን ቅርጽ እንደያዘ ቆሟል። ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። ወገቡ ላይ የታጠቀው ድግ ግን እንደ ታሰረ ነው። ቋጠሮው አልተፈታም።

«አስከሬን... አይደለም» አለ ክንዴ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ማውጣት አቃተው።

ቄሱ ለልብስ ፍትሐት አይደረግም አሉ። ውቢት ያንን ከል እስክትሞት አላወለቀችውም። ለማን እንደለበሰችው የጠየቃት የለም።

ይግዛው ግን ደጋግሞ የሚያነሣው ወለሉን ነበር። ከመደቡ እስከ ግድግዳው ሥር፣ በእበት በተለቀለቀው መሬት ላይ፣ በሁለት ረድፍ የተጫረ ቀጭን ዱካ ነበር። ክንዴ ተንበርክኮ በክብሪት ብርሃን መረመረው።

የአንድ ብቻ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ማንም አልነበረም።