እርጥቡ ግራጫ

ቀለም ቀቢው ሲሞን «ትናንት ጠዋት ግድግዳው ላይ ሁለተኛውን የቀለም ናሙና ቀብቼ፣ እስኪደርቅ ብዬ ስወጣ ጋሽ አባቢያ ደህና ነበሩ» አለ። የሟቹ የወንድም ልጅ ፈሀድ ግን «አጠገቡ ያለው ሱቄ ሆኜ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ከመሰላሉ ገፍትሯቸው ነው የወጣው» አለ።

ቱርከያ ሁለቱንም ሰማች። ትናንት አስር ሰግዳ ስትገባ ባሏን ሲሚንቶው ላይ ተፈንክቶ ካገኘችው ወዲህ የሰው ድምፅ ከሩቅ ነው የሚመጣላት። እንባም አልወጣትም።

ከሚዛን ወደ አማን የመጣችው ኢንስፔክተር ዲቦራ፣ ቱርከያ በተቀመጠችበት በረንዳ ላይ ፈሀድን ጠየቀችው።

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«በሁለት ግራጫ! ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አንድ ናቸው። እኔ መለየት አቃተኝ።»

«መቼ አየሃቸው?»

«እማዬ ስትጮህ ስገባ ነዋ» አለ ወደ ቱርከያ እያመለከተ። «ከዚያ በፊት ከሱቅ አልወጣሁም።»

ከግቢው ውጭ እጁ በካቴና እንደታሰረ የቆመው ሲሞን በተራው ሲጠየቅ «ጭቅጭቅ አልነበረም» አለ። «‹ቤቴን ዝሆን ልታስመስለው ነው?› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር እንጂ።»

ዲቦራ ሁሉንም አባቢያ የወደቁበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበች። ግድግዳው ላይ ሁለት የደረቁ ናሙናዎች አሉ፤ አንዱ ፈዛዛ፣ ሌላው፣ ሲሞን ትናንት የቀባው፣ ጠቆር ያለ። ብሩሹን የጠቆረው ናሙና ቀለም ካለበት ቆርቆሮ ነክራ ከፈዛዛው አጠገብ ቀባች።

«ይለያሉ?»

አልተለዩም።

«እርጥቡ ፈዝዞ ይታያል፤ የሚጠቁረው ሲደርቅ ነው። ቤቴን ሳስቀባ ‹ተሳሳትክ› ብዬ ቀቢው ላይ ጮኼበታለሁ።» ማንም አልሳቀም። «እትዬ ቱርከያ ሲጮሁ ደርቆ ነበር፤ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ሁለት ቀለም ነው ያየው። አንድ ሆነው ያየ ሰው የገባው ሳይደርቅ ነው። ጋሽ አባቢያን ደህና ሆነው ካገኛቸው ለምን ይደብቃል? ሞተው ካገኛቸውስ ለምን አልጮኸም? ፈሀድ፣ ይህን ክፍል ለሙሽራህ ለምነሃቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚያስቀቡት ለተከራይ ነበር።»

«አንድ ናቸው አላልኩም!»

«ከእኔ ሌላ የሰሙህ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለች ዲቦራ፣ ወደ ቱርከያ ዞራ።

«እማዬ፣ አላለም በያት እንጂ!»

ገና ድክ ድክ ሲል ተቀብላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ቱርከያ ፊቱን አየች፤ የሲሞንን ካቴናም አየች። ደረቷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

«ብለሃል፣ ፈሀድ» አለች። «ፍርድ ቤትም ቆሜ እናገራለሁ።»