ሃያ ሁለተኛው ኪስ

ለልብስ ሰፊዋ የእጮኛዋ የሹፌሩ እናት የደወሉላት ቅዳሜ ጠዋት፣ የአንዲት ደንበኛ ነጭ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ሳለ ነበር። የልጃቸው ጓደኞች የመኪናውን ሞተር አውጥተው ሊያስጠግኑ መጥተው ግራ ገብቷቸዋል። ቤቱ በወሩ መጨረሻ ለአከራዩ ይመለሳል፤ እሳቸው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ መኪናው እዚያ ሊቀር አይችልም።

«ጽሑፍሽን ማንበብ አቃታቸው፣ ልጄ» አሏት። «ነይና አንብቢላቸው።»

እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ መርፌውን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። ሹፌሩ ከሞተ ሦስት ወር ሆኖታል። ከቀብሩ ማግስት ወዲህ ያንን ግቢ አልረገጠችውም። ሰው ሁሉ ሐዘኑ ከብዷት ነው ይላል። እሷ ግን የውስጧን ታውቃለች። ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ተጣልታው ነበር የወጣችው፤ እንደተቀየማት ሞተ ብላ ታምናለች።

ያስተዋወቃቸው ያው መኪና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የተቀደደ የመኪና ወንበር በትከሻው ተሸክሞ ስፌት ቤቷ ገባ። አራት ልብስ ሰፊዎች አይሆንም ብለው መልሰውታል። እሷም ሱሪ እንጂ ወንበር እንደማትሰፋ ነገረችው።

«ሱሪውም የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው» አላት። «ዘመድ ናቸው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሰፋችለት። ሊወስድ በመጣ ቀን ስፌቱን በጣቱ ዳበሰው፤ ቀና ብሎ አያት። በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ያልተቀደደ ወንበር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ስሟ «መርፌዬ» ሆነ።

መኪናው ቀለሙ የደበዘዘ፣ ባለሁለት በር፣ የድሮ የስፖርት መኪና ነበር። ሞተሩ ደርቆ አልዞር ብሏል። ሹፌሩ በየእሑዱ ከጓደኞቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆርቆሮው ጥላ ስር ይጎረጉረዋል፤ እሷ መብራት ትይዛለች። ብሎን እየጠፋ ሲያስቸግረው ሃያ ሁለት ኪስ ያለው ሸራ ሰፋችለት፤ በየኪሱም ላይ ስም ጻፈች። ስሞቹን ግን የትኛውም መካኒክ አያውቃቸውም። አልፈታ ያለው ብሎን «ግትሩ»፣ ጎን ለጎን ያሉት «መንትዮቹ»፣ የሹፌሩን እጅ የላጠው «ነገረኛዋ አክስት» ተባሉ። የሁለት ሰው ጨዋታ ነበር፤ አንድ ቀን ሦስተኛ ሰው ያነበዋል ብለው አላሰቡም።

ጠባቸውም በዚሁ ሞተር ሰበብ መጣ። ሹፌሩ በሠርጋችን ቀን በዚህ መኪና ካልወሰድኩሽ ብሎ ቀኑን ሁለት ጊዜ አራዘመ። ለሦስተኛ ጊዜ እናራዝመው ሲላት መብራቱን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ከሞተሩ ጋር ስትጋባ ጥራኝ፤ ሚዜ እሆንሃለሁ» አለችው።

ያን ቀን ከሸራው የሞሉት ዘጠኝ ኪሶች ብቻ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ሹፌሩ አውቶቡሱን ተርሚናል አስገብቶ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መሪው ላይ ተደፋ። ተሳፋሪው ደክሞት የተኛ መስሎት ቀስ እያለ ወረደ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ግቢው ስትደርስ ጓደኞቹ፣ በያጁና መምህሩ፣ ከመኪናው በላይ ሰንሰለት ሰቅለው፣ የሞተሩን ሽፋን ነቅለው ይጠብቋታል። በያጁ አጭር ቀልደኛ ሰው ነው። መምህሩን ከቁመቱ የተነሣ «ሜትር» ይሉታል።

«መርፌ፣ በናትሽ» አላት በያጁ ሸራውን እያሳየ፤ «ሃያ ዓመት ብረት ስበይድ ነገረኛ አክስት የምትባል ብሎን አላጋጠመችኝም።»

ሜትር ሳቀ፤ እሷም ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሸራውን አየችው። ሃያ አንዱም ኪስ ሞልቷል። እሷ ከሄደች በኋላ ባሉት አራት ቀናት ውስጥ አሥራ ሁለቱን ያለሷ ፈቷቸዋል ማለት ነው። እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ እየነገረቻቸው ሜትር ደብተሩ ላይ ጻፈ። የመጨረሻው ኪስ ላይ «የመርፌ» ይላል፤ ባዶ ነው። ሜትር አንድ ብሎን ወድቋል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ወለሉን ሲጠርግ ነበር። እሷ ግን ሹፌሩ ተቀይሟት አውጥቶ የጣለው መሰላት። ያንን ስም ሳታነበው ሸራውን መለሰች።

ሰንሰለቱን መሳብ ጀመሩ። ሞተሩ አንድ ስንዝር ተነሣ፤ ከሱ ጋር የመኪናው አፍንጫም ተነሣ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ሊለቁ ምንም አልቀራቸውም። አንድ የያዘው ነገር አለ። አወረዱት። ሁለቱም ተንበርክከው ከላይም ከታችም ፈለጉ፤ ምንም አላገኙም።

የመኪናው በር አጠገብ እንደቆመች የሹፌሩ ድምፅ መጣባት። ስሞቹን በጻፉበት ቀን ነው። ከሞተሩ ጀርባ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ፤ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የኔ እጅ አይገባም፤ ይህ ያንቺ ድርሻ ነው ብሏት ነበር።

«ከኋላ ነው» አለች። «ሽቦው አልተፈታም።»

በያጁ ቀና ብሎ አያት፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«ማክሰኞ ማታ መብራት የያዝኩለት እኔ ነበርኩ» አላት። «ሁሉንም ከፈታ በኋላ ቁልፉን አስቀመጠ። አለቀ ወይ ስለው ተወው አለኝ። ባለቤቱ ትመጣለች አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።»

እናትየው በረንዳው ላይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

እጅጌዋን ሰብስባ ከሞተሩ ጀርባ እጇን አስገባች። ብሎኑን በጣቷ አገኘችው። በያጁ ያቀበላትን ቁልፍ ገጥማ ገፋች። አልጠበቀም ነበር፤ እንደምንም እጁን አስገብቶ ለሷ ብሎ አስቀድሞ አላልቶታል።

ሰንሰለቱን ዳግመኛ ሲስቡ ሞተሩ ብቻውን ወጣ። በቀስታ እየዞረ አየር ላይ ቆመ። ከስሩ በባዶው ጉድጓድ በኩል መሬቱ ይታያል።

ብሎኑን ሃያ ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ስትመልሱት ጥሩኝ» አለቻቸው። «ይቺን የምገጥማት እኔ ነኝ።»

ወደ ስፌት ቤቷ ስትመለስ ነጩ ቀሚስ ማሽኑ ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ጣቶቿን አየቻቸው፤ እስከ አንጓቸው ድረስ ጥቁር ዘይት ሆነዋል። ሳሙናውም ውኃውም አጠገቧ ነበር፤ አልታጠበችም። እስከ ሰኞ ድረስ ቀሚሱን አልነካችውም።