የታችኛው ሰፈር አየር

በጨረቃ አለት ሥር በተፈለፈለችው ከተማ፣ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ከሙታኖቻቸው ጋር መኖር ከጀመሩ ሰንብተዋል። እቴነሽ ልጇን ስታጠባ የሞተው ባሏ እግሯ ሥር ይቀመጣል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ በዚያ በኩል እንዳያልፍ ይነገረዋል፤ ሰው አለበትና። የሚደነግጥ የለም። ሙታኑ አይናገሩም፣ አይበሉም፣ ማንንም አያስቸግሩም።

ወሬው ወደ ላይኛው ከተማ የደረሰው ራስ ምታት ሆኖ ነው። ሐኪም ቤት የሄዱት ሁሉ ራሳቸውን እንደሚያማቸው፣ ጉልበታቸው እንደከዳቸው ተናገሩ፤ ስለ ሙታኑ ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ሐኪሙ ደማቸውን መርምሮ አየሩን ጠረጠረ። የአየር መሐንዲሷ ትርሲት ወደ ታች የተላከችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማዋ ኦክስጅኗን የምታገኘው አለቱን ከካርቦን ጋር እያቀለጠች ነው። ከዚያ ሥራ የሚተርፈው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያ በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው ሽታ አልባ ጋዝ፣ እየሾለከ ወደ ሰፈሩ ይገባል። ኃይሉን የሚሰብረው «ተንፋሽ ግድግዳ» የሚሉት ነው። ግድግዳው በካታሊስት ተለብጧል፤ እሱ ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያዋህድ ነገር ማለት ነው። ከቲታኒየም ኦክሳይድ በተሠራ መደብ ላይ ዓይን የማያያቸው የፕላቲነም ቅንጣቶች ተዘርተውበታል። መርዙ ቅንጣቶቹን ሲነካ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ክፋቱ ይጠፋል።

ትርሲት ጭንብሏን አጥልቃ ማጉሊያዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ቅንጣቶቹ እንደተዘሩ አሉ። ነገር ግን የተቀመጡበት መደብ ከሥራቸው ተነሥቶ፣ በየጎናቸው ወጥቶ፣ እንደ ወተት ስልባቦት በስሱ ሸፍኗቸዋል። የተሸከማቸው ነው የዋጣቸው። መርዙ በላያቸው ያልፋል እንጂ አያገኛቸውም።

እንዲህ ያለው ነገር ዝም ብሎ አይመጣም። የሞቀ ግድግዳ ሃይድሮጅን ካገኘው፣ ጋዙ ከመደቡ ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው መደብም በፕላቲነሙ ላይ ይወጣበታል። ትርሲት በግድግዳው ጀርባ የሚያልፈውን የሃይድሮጅን ቧንቧ ተከትላ ብትሄድ ቫልቩ ክፍት ነው። አጠገቡ የግድግዳው ጠባቂ ጋሽ ደርቤ ተቀምጠዋል። ጭንብል አላጠለቁም።

አልካዱም። መጀመሪያ ቫልቩ በራሱ ላልቶ እንደነበር፣ ሊያጠብቁት መፍቻ ይዘው ጎንበስ ሲሉ የሞተችው ባለቤታቸው ብርቄ በኮሪደሩ ስትመጣ እንዳዩ ነገሯት። መፍቻውን አስቀመጡት። ውሎ አድሮ ሙታኑ በምን እንደሚመጡ ሰፈሩ ሁሉ ዐወቀ። የጋዙ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ቀድሞ የደረሰ ያጠፋዋል።

«የእቴነሽን ልጅ ሳልፍ አየሁት» አለች ትርሲት። «ጡቱ አፉ ውስጥ ነው፤ ግን አይስብም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ዝጊው አልልሽም፣ አትዝጊውም አልልሽም። ብቻ በማን ላይ እንደምትዘጊው ሳታዪ አይሁን፣ ልጄ።»

ትርሲት ይህ መርዝ ደም ውስጥ ሲገባ ለአእምሮ የሌለውን ሰው እንደሚያሳይ ተምራለች። ቢሆንም እጇ ወደ ጭንብሉ ማሰሪያ ሄደ፤ ፈትታ አወለቀችው።

ጥቂት ቆይቶ ግንባሯ ከበዳት። ቀና ስትል እህቷ ሰናይት ቧንቧው ላይ ተቀምጣለች፤ በአለት ናዳ ዋሻ ውስጥ የቀረችው፣ አስከሬኗ እንኳ ያልተገኘው ሰናይት። እንደ ልማዷ የምላሷን ጫፍ ነክሳ የጫማዋን ክር ታስራለች። ትርሲት ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ጋሽ ደርቤም አላስቸኮሏት።

ያነሣት ድምፅ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እቴነሽ ልጇን ትጠራለች፤ «በእምነት… በእምነት…» እያለች፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱት። ልጁ ድምፅ አላሰማም።

ትርሲት ዘላ ተነሥታ ቫልቩን ያዘች። ጋሽ ደርቤም እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው አብረዋት አጠበቁ። ከዚያ ሮጣ ጭንብሏን በሕፃኑ ፊት ላይ አደረገችለትና እናቱ እንድትይዘው ነግራት ተመለሰች። ግድግዳውን አሙቃ ኦክስጅን ለቀቀችበት። ስልባቦቱ ከቅንጣቶቹ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መደቡ ሲመለስ፣ ፕላቲነሙም ራቁቱን ሲወጣ በማጉሊያው አየች። የመርዙ መጠን መውረድ ጀመረ።

ሙታኑ ከየቤቱ መጥፋት ጀመሩ። ከዚያ በአንዱ ቤት ለቅሶ ተነሣ፤ ሌላው ተቀበለ፤ ሁሉም ሙታኑን እንደ አዲስ ቀበረ። በለቅሶው መካከል የሕፃን ጩኸት ተሰማ፤ የተራበ፣ የተቆጣ ጩኸት። እቴነሽ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትርሲትን በር ላይ አየቻት። አላመሰገነቻትም፣ አልረገመቻትም። ባሏ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ ፊቷን መለሰች።

ባልደረባዋ ሙሉሰው ከላይ በሬዲዮ ምን እንዳገኘች ጠየቃት። ቫልቭ ላልቶ ነው፣ ጠብቋል አለችው፤ ስለ ሰው አላነሣችም።

«ጭንብልሽንስ አላወለቅሽም አይደል?»

«አላወለቅሁም» አለች።

ወደ ላይ የሚወስደው አሳንሰር ንጹሕ አየር እየነፋ ተከፈተ። ትርሲት ገባች። ሰናይትም ተከትላት ገብታ ጎኗ ቆመች፤ ትከሻዋ ግን መሳሳት ጀምሯል። ይህን አየር በሳበች ቁጥር ደሟ እንደሚጠራ፣ ሰናይትም እንደምትደበዝዝ ከትርሲት የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሩ ሲዘጋ ትርሲት ትንፋሿን ያዘች። አሳንሰሩ ሲወጣ፣ ደረቷ ሲቃጠል፣ ዓይኗን ከእህቷ ሳትነቅል ያዘች። በመጨረሻ አፏ ሳትወድ ተከፈተና አየሩ ገባ።