የኮሪደሩ ጠርሙስ

የሽታዬ አባት ኩራት እራታቸው የሆኑ ሰው ናቸው፤ እሷም የአባቷ ልጅ ናት። «ሽታዬ» የቁልምጫ ስሟ ነው። ሰፈሩ ወዶት ስለያዘው እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም። የጎረቤት ድስት ሊያር ሲል ቀድማ የምታውቅ እሷ፣ ወተቱ ለነገ ይደርስ እንደሆነ እናቷ የሚያስመረምሯት እሷ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር «ልብስ አስገቡ» የምትል እሷ ናት። እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዞ አንገት መድፋት ይከብዳል፤ እሷም ደፍታ አታውቅም።

የቤተሰቡ ሥራ የቤት መዓዛ ነው። ዘይት ይቀምማሉ፣ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ይሞሉታል፣ ቀጫጭን የሸምበቆ እንጨቶች ይሰኩበታል። እንጨቱ ዘይቱን ከታች እየመጠጠ ሽታውን ቀስ እያለ ለክፍሉ ያድላል። አባትና እናት ከሱቁ ጓሮ ይቀምማሉ፣ ሽታዬ ፊት ለፊት ቆማ ትሸጣለች።

ቤታቸው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የሳሎኑ ሰንደል የአባትየው ነው፣ የመኝታ ቤቱ ላቬንደር የእናትየው ነው፣ የወጥ ቤቱ ሎሚ የአክስትየው ነው። ማንም ቢሆን ራሱ የቀመመውን እቤት ውስጥ የሚያስቀምጠው አባትየው አሽትተው «ደርሷል» ሲሉ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ባዶውን ቀርቷል። ሽታዬ ለኮሪደሩ ብላ በፀሐይ የደረቀ አንሶላን የሚያስታውስ ሽታ ለመሥራት ስንት ጊዜ ደከመች። አባቷ አሽትተው የሚመልሱላት ግን ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ነው፤ «ገና ነው።» ይቺ ቃል አንጀቷን ታሳርረው ነበር። በመጨረሻ ጠርሙሷን ከሱቁ መደርደሪያ ጀርባ ደበቀችና ስለ ኮሪደሩ ማውራት ተወች።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የቀለም ሽታ ገባ፤ ከሽታው ኋላ አንድ ረጅም ወጣት ገባ። ቀለም ቀቢ ነው። የራሱን ቤት በገዛ እጁ ቀብቶ ጨርሶ እህቱን ቢጋብዛት፣ አፍንጫዋን ይዛ ቆማ «እዚህ ቤት እንግዳ አይቀመጥም፣ ሽታ ፈልግለት» ብላው ወጣች። እሱም እንደታዘዘው ሽታ ፍለጋ መጣ።

ሽታዬ የመሞከሪያውን ወረቀት ዘይት ውስጥ ነክራ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«አንቺ አሽቺው» አላት።

«የምትኖርበት አንተ ነህ እኮ!»

«ግድ የለም፣ አንቺ አሽቺው።»

አሸተተች። ሌላው ደንበኛ ጠርሙሱን ነው የሚያየው፤ ይሄኛው እሷን ነው የሚያየው። ያውም ሥራው ላይ እንዳለ ሰው፣ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ እንደሚፈልግ ሰው ትክ ብሎ። ጽጌረዳውን አሸተተች፣ ቫኒላውን አሸተተች፣ ላቬንደሩ ላይ ስትደርስ ጉንጯ ጋለ። «ይሄ ለመኝታ ቤት» አለ ወዲያው። ብርቱካኑ ላይ «ይሄ ለሳሎን» አለ፣ ናናው ላይ «ይሄ ለመታጠቢያ ቤት» አለ። ሁሉም ልክ ነው። አንዱንም ሳያሸት እንዴት አወቀ ብላ ተገረመች፤ ኩራተኛ ስለሆነች ግን አልጠየቀችም። መኝታ ቤት ሲሆን እንጨቱ ትንሽ፣ ሳሎን ሲሆን በዛ እንዲል፣ ጠርሙሱ ከመስኮትና ከፀሐይ እንዲርቅ፣ ሽታው ሲደክም እንጨቱን ገልብጦ እንዲሰካው አስረድታ ሸኘችው። የቀለሙ ሽታ እስኪመሽ ከሱቁ አልወጣም፤ እሷም መስኮቱን አልከፈተችም።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። እህቱ አሁንም ቀለም ይሸታል ብላለች። የሽታዬ ፊት ተለዋወጠ። እሷ ሸጣው ያልሠራ ጠርሙስ ተሰምቶ አይታወቅም! እህትየው ባለችበት ቀን ቤቱ ድረስ ሄዳ በዐይኗ ልታይ ወሰነች። አፍንጫዋን የሚያዋርድ ቤት ካለ ቤቱን ማወቅ ነበረባት።

ቤቱ እንዴት ያምራል። ሳሎኑ የበሰለ ብርቱካን መስሏል፣ መኝታ ቤቱ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፤ ጥጉ ሁሉ የተሳለ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ጠርሙሶቹ እሷ ባለችው ቦታ፣ ባለችው ከፍታ ተቀምጠዋል። ቀርባ አንዱን እንጨት መዘዘች። ከዚያ ሌላውን መዘዘች። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ቀብቷቸዋል። ከግድግዳው ጋር እንዲሄዱ ብሎ እንጨቶቹን አንድ በአንድ፣ ሁለት ጊዜ እየደረበ፣ አሳምሮ ቀብቷቸዋል። ቀለሙ ቀዳዳቸውን ስለደፈነው ዘይቱ ጠብታ እንኳ አልጎደለም።

«ወይ ወንድሜ፣ ያንተ ብሩሽ ከምን ይመለሳል?» አለች እህትየው። ሽታዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ይሄ ሰው እዚህ ቤት አድሮ እየዋለ፣ ጠርሙሶቹ ምንም እንደማይሸቱ እንዴት አላወቀም? ቀና ብላ አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። እህትየውም ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች።

«አታሸትም» አለችው ቀስ ብላ።

«ልጅ ሆኜ በጠና ታምሜ ነበር። ስድን ማሽተቱ ሳይመለስ ቀረ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ በምን መረጥከው?»

«በፊትሽ» አለ። «ላቬንደሩን ስታሸቺ ትከሻሽ ወረደ፣ ዐይንሽ ሊከደን ደረሰ። ሰው እንዲያ የሚሆነው ሊተኛ ሲል ነው። ብርቱካኑን ስታሸቺ እንግዳ እንደመጣለት ሰው ፈገግ አልሽ። ናናው ላይ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ እንደታጠበ ሰው ነቃ አልሽ። እኔ ሽታ የማየው እንዲያ ነው። ካንቺ በፊት ግን እንዲያ አርጎ ያሳየኝ ሰው የለም።»

ሽታዬ ከወንበሯ ተነሳች። አዲስ እንጨቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠርሙሶቹ ላይ ሰካች። እስከዛሬ ስለ አፍንጫዋ ያሞገሳት ብዙ ነው፤ ፊቷን ያነበበ ግን እሱ ብቻ ነው። ወደደችው። ለራሷም አልደበቀችውም።

ከዚያ ወዲያ የእንጨት መገልበጫው ቀን ቶሎ ቶሎ ይደርስ ጀመር። እህትየውም ከእንጨቶቹ ይልቅ የምትገለብጠው ልቡን ነው እያለች ታሾፍባቸው ነበር። ነገሩ ሲጠና ወጣቱ ሽታዬ ቤት ለምሳ ተጠራ። ይሄኔ ነው ጭንቅ የመጣው። ወደዚያ ቤት በጋብቻ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ከሚደረደሩለት ጠርሙሶች ለአንድ ክፍል የሚሆነውን አሽትቶ መምረጥ አለበት። እናትየው መርጠው ነው የገቡት፣ የአክስትየው ባልም እንዲሁ። ባዶ የቀረው ደግሞ ኮሪደሩ ነው። የማያሸት ሰው፣ ሽታ እንደ እምነት ከሆነላቸው ሰዎች ፊት ሊቀርብ ነው።

ሽታዬ ዘዴ አበጀች። ደህናው ጠርሙስ ጋ ሲደርስ እሷ ትስላለች፣ እሱ ያነሳል፣ አለቀ።

«በሳል?» አላት። «አባትሽ ቤት በጓሮ በር ልግባ እንዴ? ቢመልሱኝም ማንነቴን አውቀው ይመልሱኝ።»

ተናደደችበት። ተናዳም ኮራችበት።

በምሳው ቀን ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡ። አባትየው ጠርሙሶቹን ደርድረው ወደ እንግዳው ገፋ አደረጓቸው። ሽታዬ ከጠርሙሶቹ መሃል አንዱን አወቀችው። ከመደርደሪያው ጀርባ የደበቀችው የራሷ ጠርሙስ ነው። እናቷን አየቻቸው፤ እናቷ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የምነግርዎ ነገር አለ» አለ ቀለም ቀቢው። «እኔ አላሸትም። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሳልነግርዎ ጠርሙስ ባነሳ ሌባ ነኝ።»

አክስትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አባትየው ወጣቱን ትክ ብለው አዩት። ሽታዬ ወንበሯን አስጠግታ ከወጣቱ አጠገብ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀመጠች። ይሄን እሳቸውም አዩ።

«ታዲያ በምን ልትመርጥ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከፈቀዱልኝ እሷ ታሽትልኝ። አንድም ቃል አትናገር።»

አባትየው ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱ። ሽታዬ አንድ በአንድ አሸተተች፤ እሱም ሱቁ ውስጥ እንዳያት አያት። ጽጌረዳውን፣ ጥዱን፣ ቫኒላውን አለፈ። የራሷ ጠርሙስ ላይ ስትደርስ ፊቷን ድንጋይ ልታደርገው ሞከረች። በኮሪደሩ ተስፋ መቁረጧን ማንም እንዲያይ አልፈለገችም።

«ይሄ ነው» አለ ወጣቱ።

«ለምን?» አሉ አባትየው።

«ሌሎቹን አሸተተቻቸው፣ አለቀ። ይሄንን ግን አሽትታ ወደ እርስዎ አየች። ሰው ከውጪ መጥቶ ‹ቤት ደረስኩ› ሲል ፊቱ እንዲያ ነው፤ የሚከፍትለት ካገኘ። ለኮሪደር ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል?»

አባትየው ጠርሙሱን አነሱና አሸተቱ። የማን እንደሆነ ሳያሸቱም ያውቃሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ አሁንም ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ተነሱ። ኮሪደሩ ውስጥ ለስንት ዘመን ባዶውን የኖረው መደርደሪያ ላይ ጠርሙሱን በገዛ እጃቸው አስቀመጡ፤ እንጨቶቹን እየቆጠሩ ሰኩ። ተመልሰው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ሽታዬ፣ ‹ገና ነው› እያልኩ ቆየሁ፤ የዘገየሁት ግን እኔው ነኝ። ደርሷል።» ወደ ቀለም ቀቢውም ዞሩ። «አንተም ግባ ልጄ። የእሷ አፍንጫ ለሁለት ሰው ይተርፋል፤ ያንተን ዐይነት ዐይን ግን እዚህ ቤት አልነበረንም።»

ሽታዬ ያለቀሰችው ያኔ ነው፣ ሰው ፊት፣ አንገቷን ሳትደፋ።

ሁለቱ ተጋብተው የራሳቸውን ቤት ከያዙ ወዲህ እንኳ፣ አባትየው ቤት እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያስቆሙታል። አሽትት ይሉታል። ካሸተተ በኋላ ደረታቸውን ነፍተው፣ ለአዲሱም ለነባሩም እንግዳ ያችኑ ቃል ይናገራሉ።

«የቀመመችው ልጄ ናት። የመረጠው ደግሞ አማቼ ነው፤ የማያሸተው።»