ጥቁር እንባ ያነባው በር

በሰላዳ መንግሥት፣ በታላቁ በጌራም ወንዝ ላይ የቆመው ሰባተኛው የውሃ በር አንድ ማለዳ ጥቁር እንባ አነባ። የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን ልብሳቸውን ቀደዱ፤ «በሩ ባለቀሰ ዕለት ሰላዳ ትራባለች» የሚል የጥንት ቃል ነበርና። የበሩ ሹም የሆነው የድልዳል ልጅ ናርዳ ግን ጥቁሩን ነገር በጣቷ ነክታ አሸተተችው። የእንጨት ስንጥቅ የሚደፈንበት ቅጥራን ነበር። ይህን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አላስፈለጋትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እናቷ በሞተችበት ክረምት፣ አባቷ መካከለኛውን ሳንቃ ቅጥራን ሲቀባ ማሰሮውን ይዛለት የቆመችው እሷ ነበረች።

ቀትር ሳይደርስ ሳንቃው ተሰብሮ ሄደ። ዋና ከተማዋ ኤልዳር በገደል አናት ላይ ስላለች ከወንዙ ሌላ መንገድ የላትም። ጀልባዎች በሰባቱ በሮች ከገንዳ ወደ ገንዳ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ እየተነሡ እህል ያደርሱላት ነበር። አሁን የመጨረሻው ገንዳ ውሃ መያዝ ስላቃተው ማሽላ የጫኑ አርባ ጀልባዎች ከታች ተገትረው ቀሩ። ላይ ድርቅ ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው።

ድልዳል በንግሥት ኤስራን ፊት ተንበርክኮ ማለ፦ «የጌራም ውሃ ይፍረድብኝ! የበሮቻችን እንጨት ከሚገኝበት ከጥቁሩ ደን አዲስ ሳንቃ ሳላመጣ የቤቴን ደጃፍ አልረግጥም!» ሕዝቡ እልል አለ። ናርዳ ግን ጣቷ ላይ የቀረውን ቅጥራን በቀሚሷ ጠረገች።

ሦስት ሆነው በጀልባ ወንዙን ወረዱ፤ አባት፣ ልጅና ቀዛፊው ቱርፋ። ቱርፋ ሦስት ልጆቹን ኤልዳር ትቶ የመጣ፣ በጭንቅ ጊዜም ቀልድ የማያጣ ሰው ነው። በአራተኛው ቀን ሰውን በስሙ የሚጠራው ጉም ደረሰባቸው፤ ለጉሙ «አቤት» ያለ አይመለስም። ጉሙ ድልዳልን በሟች ሚስቱ ድምፅ ጠራው። ሽማግሌው ሊነሣ ሲል ናርዳ ጆሮዎቹን በሁለት እጇ ደፍና እስኪያልፉ ድረስ አቅፋው ተቀመጠች።

የጥቁሩ ደን ጠባቂ ኦርሞስ ግማሹ ጎሽ፣ ግማሹ ግንድ የሆነ ጥንታዊ ፍጥረት ነው። አዲስ እንጨት የሚሻ ሰው የአሮጌውን ስባሪ ከፊቱ አኑሮ አሟሟቱን በእውነት መናገር አለበት። ይዘውት የመጡትን የሳንቃውን ስባሪ ከፊቱ አኖሩ።

«የሰጠኋችሁን ዛፍ ማን ገደለው?» አለ ኦርሞስ።

ናርዳ ከአባቷ ቀደመች። «እርጅና ነው የገደለው፣ ጌታዬ። ውሃ ሲደበድበው ኖሮ ደከመ።»

ከአጠገባቸው የቆመው ትልቅ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ እስከ ሥሩ በሰበሰ።

«ባንቺ ውሸት አንድ ዛፍ ሞተ» አለ ኦርሞስ። «ለበራችሁ የሚበቃ አንድ ብቻ ቀርቷል።»

ድልዳል በግንባሩ ተደፋ። «ልጄ እኔን ልታድን ነው የዋሸችው። ሚስቴን በቀበርኩ ሰሞን ሳንቃው መንቀዙን አየሁ። ደኑ ሩቅ ነው፤ ሕፃኗን ለማን ጥዬ ልምጣ? ለአንድ ክረምት ብዬ ቅጥራን ቀባሁት። በዓመቱ ግን ኀፍረት ያዘኝ። ደህና ነው ስል የከረምኩትን፣ በስብሷል ብዬ እንዴት ልናገር? ዘጠኝ ጊዜ ቀባሁት።»

ቱርፋ ኮሌታውን አነቀው። «ልጆቼ በረሃብ የሚያልቁት ባንተ እጅ ነው?» ቢልም ወዲያው ለቀቀውና መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ኦርሞስ የፈቀደላቸውን የመጨረሻ ዛፍ ቆርጠው፣ ሳንቃ አድርገው ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቀልድ ከአፉ አልወጣችም።

ሰባተኛው በር ሲደርሱ ውሃው በክፍተቱ እያገሣ ይወርድ ነበር። ሳንቃውን ወደ ቦታው የሚመራ ሰው በውሃው ወገን መግባት አለበት፤ ሳንቃው ሲገጥም ግን ውሃው ሰውየውን ከበሩ ጋር አጣብቆ ያስቀረዋል። ቱርፋ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ።

«አንተ ልጆች አሉህ» አለው ድልዳል።

«አባዬ፣ እኔ ልግባ» አለች ናርዳ። «ማሰሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ማሰሮ የያዘች ሕፃንና ብሩሽ የያዘ አባት እኩል አይጠየቁም፣ ልጄ። መዶሻውን አንሺ።»

ገባ። ሳንቃውን በትከሻው ገፍቶ አቀናው። «ምቺ!» አላት። ናርዳ አልቻለችም። «ናርዳ፣ ሰው እየተራበ ነው! ምቺ!»

መታች። ውሃው ጸጥ አለ። ገንዳው ቀስ በቀስ ሞላ፤ አርባው ጀልባ አንድ በአንድ ወደ ኤልዳር ወጣ።

ንግሥቲቱ ለድልዳል ሐውልት እንዲቆም አዘዘች። ናርዳ ግን እጅ ነሥታ፦ «ግርማዊት ሆይ፣ ቅጥራኑም አብሮ ይታወጅ» አለች።

«ሕዝቡ ይረግመዋል እኮ፣ ልጄ» አለች ንግሥቲቱ።

«ይርገመው። ነገ ሳንቃው መንቀዙን ያየ ሹም እንደ አባቴ አፍሮ ዝም እንዳይል ነው የምለምነው።»

ዐዋጁ በነጋሪት ተነገረ። ለጀግናው ሲያለቅስ የዋለው ሕዝብ ዐዋጁን ሰምቶ ወደየቤቱ ገባ። ናርዳ ለቅሶ ተቀመጠች፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ደጇን የረገጠ የለም። ቱርፋ እንኳ አልመጣም፤ ትንሿ ልጁ እህሉ ሳይደርስላት ሞታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የቀሩት ስድስት በሮች ሹሞች አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው የሁለተኛው በር ሹም ዓይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ ተናገረ።

«የእኔም በር ሁለት የነቀዙ ሳንቃዎች አሉት። ቀብቻቸዋለሁ።»

«የእኔ አንድ» አለ ሌላው። ከቀሩት አራቱም «የለኝም» ያለ አልተገኘም።

አባቷ ከሞተ ጀምሮ እንባ ጠብ ያላለላት ናርዳ፣ ያን ጊዜ እሪ ብላ አለቀሰች።